መርዶ በስልክ አይነገርም

በሶው የመጣበት ከረጢት አፉ በላስቲክ ገመድ ታስሮ ነበር። ጭንቀቴ የጀመረው ከዚያ ነው።

እናቴ ከረጢት አታስርም፤ ትሰፋለች። በጆንያ መርፌና በወፍራም ክር አጠጋግታ፣ መንገድ ላይ እጁን ለመስደድ ያሰበ ሁሉ ተስፋ እንዲቆርጥ አድርጋ ነው የምትሰፋው። ወታደር ከሆንኩ ጀምሮ የላከችልኝን ስንቅ በሙሉ የከፈትኩት በሕክምና ድንኳናችን ምላጭ ነው። ጓዶቼ "የአምባሰል ቀዶ ጥገና ተጀመረ" እያሉ ዙሪያዬን ይቆሙ ነበር። ያን ቀን ግን ገመዱን በጣቴ ሳብ ሳደርገው ተፈታ። ምላጩ እጄ ላይ ቀረ።

ቀመስኩት። የወፍጮ ቤት ዱቄት ነው። እናቴ ገብሱን ሸክሽካ፣ ቆልታ፣ ራሷ በድንጋይ ፈጭታ፣ ነፍታ ደግማ ትነፋዋለች። ይህኛው ገለባው ጉሮሮ ይይዛል።

"ቆንጆ ነው እኮ!" አለኝ የሐይቁ ልጅ በኮዳው ክዳን በጥብጦ እየጠጣ። "አንቺ ደግሞ! የኮቾሮ ብስኩት ሲያኝክ የከረመ ሰው በሶ ያማርጣል?"

የሐይቁ ልጅ የምለው አብሮኝ በሕክምና ክፍሉ የሚሠራ አስር አለቃ ነው። ሐይቅ ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ቤተሰቦቹ ከሐይቁ ቆሮሶ ዓሣ እያጠመዱ የሚሸጡ፣ አፉ የማይዘጋ ልጅ ነው። የእኔ ቤት ከከተማው በላይ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ አምባሰል ውስጥ ነው። አገር ቤት ብንገናኝ ሰላምታ ላንለዋወጥ እንችል ነበር። እዚህ፣ ስሙን መናገር በማይፈቀድልን ቆላ ጠረፍ ላይ፣ ወንድሜ ሆኗል።

"የወፍጮ ቤት ነው" አልኩት።

"ታዲያ እናትሽ አላረጁም? እድሜ ልካቸውን ድንጋይ ሲገፉ ይኑሩ?"

ልክ ነበር። መልሱ ግን አላሳረፈኝም። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ሲያገቡ ነው፤ አንደኛ ክፍል ስቀመጥ ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አይገባም ነበር። ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው ያነበበውን ተመልሶ ካላየ አያምንም። ያን ከረጢትም ስንት ጊዜ እያገላበጥኩ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከቤት የመጣ ስንቅ ለወታደር ዜና ነው። በርበሬው ሲበዛ አገር ሰላም ነው ማለት ነው፤ ገበያ ተወጥቷል። ዳቦ ቆሎው በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲመጣ ጨርቁ የማን ቀሚስ ቅዳጅ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ባለቀሚሷ አዲስ አግኝታለች። ውጊያ በሌለበት ጊዜ የውትድርና ሕይወት መጠበቅ ነው። ውኃ የሚያመጣውን መኪና ትጠብቃለህ፣ ጥላው ዞሮ እስኪመጣልህ ትጠብቃለህ፣ ተራህን ትጠብቃለህ። ፊት ለፊትህ የተዘረጋው ሜዳ ሲንቀሳቀስ ትፈራለህ፤ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ይበልጥ ትፈራለህ። ያን ሁሉ የምንችለው ጀርባችን ላይ ያለው ቤት እንደተውነው ቆሟል ብለን ነው። ቤቱ ከተነቃነቀ ሜዳውን የምታይበት ዓይን አይኖርህም።

እናቴ ስልክ የላትም። የምንገናኘው በጎረቤታችን ስልክ ነው። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፤ ልጃቸው አረብ አገር ትሠራለች፤ ስልኩንም የላከችው እሷ ናት። እሑድ ጠዋት አለቆቻችን ስልካችንን ይመልሱልንና ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ እንወጣለን። ስደውል ጎረቤታችን ስልኩን ይዘው አጥሩን ተሻግረው ለእናቴ ይሰጧታል። "እንኪ፣ ልጅሽ ከሳጥኑ ውስጥ ትጣራለች" ሲሏት እሰማለሁ።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን የምታነጋግረኝ አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ሆናለች።

"እማስ?"

"ቤተ ክርስቲያን ናት።"

በሚቀጥለው እሑድ ማሳ ወርዳለች አለችኝ።

"በሰንበት?"

"ዝንጀሮ መጥቶ ነዋ! ዝንጀሮ ሰንበት ያውቃል?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አለቀ።

ከዚያ ለቅሶ ሄዳለች አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል።

"ድምጿ ቢዘጋ ጆሮዋ ይሰማል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊላትና እኔ ላውራት።"

"ተኝታለች። ታሞ የተኛ ሰው ልቀስቅስ እንዴ?"

ጎረቤታችን ስልኩን ከእጇ ተቀበሉና "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ። አንቺ ብቻ ራስሽን ጠብቂ፤ የቀረውን ለአላህ ስጪው" አሉኝ። አብሽሪ የሚባለው ለተጨነቀ ሰው ነው። እኔ መጨነቄን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። በተለይ ለወታደር። ሐዘን ይዞ ግንባር የቆመ ሰው ራሱን አይጠብቅም ይባላል። ስለዚህ ይደበቃል። ሰውየው በፈቃድ እስኪመጣ ቤተሰቡ ሁሉ አፉን ይሰፋል፤ ሲመጣ ሽማግሌዎች ጎሕ ሳይቀድ በር ላይ ይቆማሉ፤ ከኋላቸው ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይቆማል። ከእኛ ድንኳን አንዷ እንዲህ ሆናለች። አባቷ ደህና ነው እየተባለች ከርማ ቤቷ ስትደርስ ተዝካሩ ወጥቷል። የላኩላትን ዳቦ ቆሎ ከተዝካሩ ቀንሰው ነበር። እኛም አብረናት በልተናል፤ እንዲያውም ከወትሮው ይጣፍጣል ብለናት ነበር።

እሷ ከፈቃድ ተመልሳ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። "ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ" አለችኝ፤ "እናትሽን በድምጿ ካልሰማሻት አትመኛቸው።"

ሻምበላችን ዘንድ ገብቼ ፈቃድ ጠየቅሁ።

"በምን ምክንያት?"

"እናቴ... ሳትሞት አትቀርም።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ በምን አወቅሽ?"

በበሶው ልለው አልቻልኩም።  ሻምበላችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከና ድንኳኑን ለቅቄ የምሄድበት ጊዜ እንዳልሆነ ነገረኝ። "የሐይቁ ልጅ ፈቃዱ ደርሷል። እሱ አይቶልሽ ይምጣ" አለኝ።

የሐይቁ ልጅ ሲሄድ ቦርሳው ዚፑ አልዘጋ አለው። የእኔን ሰጠሁት። ከእሱ ልብስ በላይ ለእናቴ ሳሙና፣ ስኳርና አንድ ሻርፕ አደረግሁበት።

"እናንተ ቤት እኮ ዳገት ነው" አለኝ። "እኔ የውኃ ሰው ነኝ፤ ምናለ ሐይቅ ድረስ ወርደው ቢያዩኝ?"

"ትወጣዋለህ።"

"እሺ ምን ልበላቸው?"

"ምንም አትበል። እያት ብቻ። አክስቴ የምትልህን አትስማ፤ በዓይንህ እያት። እሑድ ጠዋት እደውላለሁ።"

"ካጣኋትስ..." ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። "እስጢፋኖስን! ሳላያት ውኃ አልቀምስም።"

እስከ እሑድ ድረስ መጽሐፍ ገልጬ ያነበብኩት አንድ ገጽ ነው፤ ያንኑ ገጽ። የእግር ቁስል አጠብኩ፣ ወባ መረመርኩ፣ ለታመመ ክኒን ሰጠሁ። ጓዶቼ ሲቀልዱ ከሌላው ዘግይቼ እስቅ ነበር።

እሑድ ጉብታው ላይ የወጣሁት ከሁሉም ቀድሜ ነው። ደወልኩ። የጎረቤታችን ስልክ ገና ሲነሣ ሰማሁት፤ ለቅሶ ነው። የአንድ ሰው ለቅሶ አይደለም፤ ግቢ ሙሉ ለቅሶ። ከሁሉም በላይ የአክስቴን ድምፅ ለየሁት። ደረቷን እየመታች ስለሆነ ድምጿ ይቆራረጣል።

አንዲት የማላውቃት ሴት ስልኩ ላይ "ሀሎ፣ ማነው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ማን እኔ?"

"ልጇ ነኝ። ወታደሯ።"

"ቢስሚላሂ!" ብላ ጮኸች። ስልኩ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል ጥሪ አይቀበልም። የሐይቁ ልጅ ስልክም ዝግ ነው።

ከጉብታው እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ድንኳኑ በር ላይ ሙቀት የጣለው አንድ ወታደር በሸራ ተሸክመው አምጥተው እየጠበቁኝ ነበር። ልብሱን አላቀቅሁለት፣ ውኃ አፈሰስኩበት፣ ደም ሥሩን ፈልጌ ግሉኮስ ሰካሁለት። አንዴ አልሳትኩም። እጄ ሥራውን ያውቃል፤ ከእኔ ጋር አልነበረም። ልጁ ዓይኑን ገለጥ ማድረግ ሲጀምር ብቻ ነው ጓዶቼ ፊቴን ያዩት።

"ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ ያቺ አባቷ የሞተባት።

"እያለቀሱ ነው" አልኳት። ሌላ ነገር መናገር አላስፈለገኝም።

ወታደር ለቅሶ መቀመጥ አያውቅበትም አይባልም። ብርድ ልብስ አመጡና ከመኪናው ጥላ ሥር አነጠፉ። አንዱ ሻይ ጣደ። ሻምበላችን መጥቶ መሣሪያውን ከጎኑ አድርጎ ተቀመጠ። ከየአገሩ የመጣን ነን፤ የየአገሩ ለቅሶ የተለያየ ነው፤ ግን ሁሉም ያወቀበትን ያህል አጎነበሰ። እኔ እንባ አልመጣልኝም። አስብ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቼ ነው የሞተችው? የትኛው እሑድ ላይ ነው ሞታ ሳለች ስለ ዝንጀሮ የተነገረኝ?

የሻምበላችን ስልክ ጠራ። አንሥቶ ሰማ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ለእኔ ዘረጋልኝ።

"ኧረ አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን አሰሚልኝ!" የሐይቁ ልጅ ነው፤ ያለከልካል። "ሞተሻል እኮ! ልታስገድይኝ ነው የላክሽኝ!"

"ማነው የሞተው?"

"አንቺ ነሻ!"

ነገሩን ያፈሰሰው በአንድ ትንፋሽ ነው። ዳገቱን ፀሐይ ሳይወጣ ልጨርሰው ብሎ ገና ሳይነጋ በባጃጅ እስከ መንገዱ ጫፍ መጣ። ውሻ ስለፈራ አንድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሽማግሌ ቤቱን እንዲያሳዩት ለመናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ጎሕ ሳይቀድ፣ በር ላይ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ከጎናቸው የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር፣ በወታደሩ ትከሻ ላይ የእኔ ቦርሳ። የቦርሳውን ማንገቻ በቀይ ክር የጠገነችው አክስቴ ናት። በሩን የከፈተችውም እሷ ናት።

"እንደምን አደራችሁ ብቻ ነው ያልኩት" አለኝ። "እስጢፋኖስን! ሁለተኛ ቃል አላወጣሁም። ሴትዮዋ ቦርሳውን አይታ ወደቀች። ከዚያ ማን ይስማኝ! አልሞተችም ስል፣ 'አይዞህ፣ ንገረን፣ አትደብቀን' ይሉኛል። ቅሬው ለቀብር ወጣ፤ ሰው እንደ ጎርፍ መጣ። ስልኬን ነጥቀው የት እንደጣሉት አላውቅም፤ ይህ የሰው ነው።"

"እማስ?" አልኩት። 

"አለች።"

"በዓይንህ?"

"ፊቴ ናት። መሬት ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ግን..."

"ግን ምን? ያየኸውን ንገረኝ።"

ቀልዱ ከድምፁ ወጣ። የሕክምና ክፍል ሰው ሆኖ ነው የመለሰልኝ። "አፏ ወደ ግራ ተስቧል። ቀኝ እጇ አይነሣም። ቀኝ እግሯንም ትጎትታለች። ስታወራ ቃሉ ይጠፋባታል።"

አክስቴ ስልኩን ነጠቀችው። እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ እየረገመችኝ ነበር። "አለሽ? አንቺ! አለሽ እንዴ? እኛን ገድለሽ!"

"እማ ምን ሆና ነው?"

"ምች ነው። ምች መትቷት ነው። ዳማከሴ አድርገንላታል፣ ጠበልም አጥምቀናታል። ልንነግርሽ ነበር እኮ፣ ስትመጪ።"

"ሐኪም አይቷታል?"

"ምችን ሐኪም ምን ያውቀዋል? መርፌ ከተወጋች ትሞታለች አሉን።"

"ምች አይደለም አክስቴ። የደም ግፊት ነው፤ ራሷ ውስጥ ያለ ደም ሥር ነው የተጎዳው። ግፊቷ ሳይለካና መድኃኒት ሳትጀምር ሁለተኛ ከመታት ያን ጊዜ እውነተኛ ለቅሶ ትቀመጣላችሁ። ዛሬውኑ ደሴ ትወሰድ።"

 ከወዲያ አንድ ድምፅ መጣ፤ አፍ ላይ ጨርቅ ተይዞ እንደሚወራ ያለ። አክስቴ "ስጪኝ እያለችሽ ነው" አለችኝ።

"አለሽ?" አለችኝ እናቴ።

ቃሉ ግማሹ ተውጧል። ግን የእሷ ነው።

"አለሁ እማ።"

"አው...ሪ።"

"እያወራሁ ነው።"

"ሌላ።"

ሌላ አወራሁላት። ስለ ውኃው መኪና፣ ስለ ሙቀቱ፣ ገና ሻዩ እንደተጣደ፣ የሐይቁ ልጅ ሰነፍ ዳገት ወጪ እንደሆነ። ዝም ስል "ሌላ" ትለኛለች። እሷ ሐዘን ላይ ተቀምጣልኝ ነበር፤ እኔም ተቀምጬላት ነበር። ሁለታችንም ገና ከመሬት አልተነሣንም።

ደሴ እንዴት ትውረድ የሚለው ክርክር ከጀርባዋ ቀጥሏል። በቅሎ ላይ መቀመጥ አትችልም፤ ተሸክሞ የሚያወርዳት በቂ ሰው ከየት ይገኛል፤ ሰዉ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ይህን ሰበብ ለሳምንታት ሲነጋገሩበት የነበሩ ይመስላል። ያን ጊዜ የጎረቤታችን ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ።

"ኧረ ያረቢ! ሰው የለም ትላላችሁ? ቅሬው እኮ ግቢው ውስጥ ነው! ቃሬዛውም ይዘውት መጥተዋል!"

ቅሬ ማለት የእኛ አገር የቀብር ማኅበር ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው። የአንድ ሰው ሞት ሲሰማ ሥራ ፈትቶ የማይመጣ የለም፤ የቀረ ይቀጣል። ለሕመም ግን ማንም እንዲህ አይጠራም። የእኔ ሞት ነበር የሰበሰባቸው።

እናቴ ቃሬዛ የሚለውን ስትሰማ ከዚያ ሁሉ የተሰባበረ ንግግር መሃል አንድ ቃል አጥርታ አወጣች። "ለሬሳ!"

"ለሬሳ ነው፣ እውነትሽን ነው" አሏት ጎረቤታችን። "ልጅሽ እኮ ጠዋት ሞታ ረፋድ ላይ ተነሣች። አንቺ ደግሞ በቃሬዛ ወርደሽ በመኪና ብትመለሺ ማን ይገረማል? ተይ አንቺየዋ፣ አታስቸግሪ፤ እግርሽን አንሺ!"

ግቢው ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ለቅሶው ገና ከጉሮሯቸው አልወረደም ነበር።

ጎረቤታችን ስልኩን ሳይዘጉ ከቃሬዛው ጎን ይዘውት ወረዱ። የሰው እግር ጠጠር ሲረግጥ፣ "ወደ ግራ ያዝ፣ ወደ ግራ!"፣ "ትከሻ ቀይሩ"፣ የሐይቁ ልጅ ማለክለክ፣ የእናቴ ቁጣ። ገደሉ ጋ ሲደርሱ ድምፁ ተቆራረጠና ጠፋ። ስልኩን ለሻምበላችን መለስኩለት። ሻዩ ፈልቶ ነበር፤ አንዴ ስለፈላ ጠጣነው።

ማምሻውን አክስቴ ከደሴ ደወለች። ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ አስተኝተዋታል፤ ክኒን ጀምራለች፤ መርፌም ተወግታለች፤ አልሞተችም። ይህን ሁሉ እንደ ምስክር ቃል ነገረችኝ።

"ሌላ የደበቃችሁኝ ነገር አለ?" አልኳት።

"ምን እንደብቅሻለን!"

"አክስቴ።"

በረጅሙ ተነፈሰች። "ላሟ ገደል ገብታለች" አለችኝ። "ጎተራውንም ነቀዝ ገብቶበታል። እህል የለንም ማለት አይደለም፤ ግን ገብቶበታል። የቤቱ ጓሮ ጣሪያም..."

"ቀጥይ" አልኳት።